ያረጀ የነዳጅ መስክ በምን ይታጠባል? ውሃ፣ እንፋሎት፣ ፖሊመር ወይስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪናዬን ካምቢዮ አስፈትቼ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ ልጅ የተፈታውን ዕቃ ሊያጥብ ሲነሳ ወደ ቧንቧው ዞር ብሎም አላየም። ከወገቡ በተቆረጠ ጀሪካን ናፍጣ ቀድቶ በብሩሽ ይፈትግ ጀመር። የስንት ዓመት ግራሶ ቀስ እያለ ወረደ። «በውሃ ብታጥበውስ?» አልኩት ለወሬ ያህል። «ውሃ ላዩን አልፎ ነው የሚሄደው ጋሼ፤ ግራሶ ውስጥ አይገባም» አለኝ ቀና ሳይል።

ልቤ ግን ሌላ ጋ ነበር። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ የጎረቤቴ ልጅ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። መምህሯ አራት ያረጁ የነዳጅ መስኮችን በወረቀት ላይ ዘርዝሮ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የቀረውን ድፍድፍ (ያልተጣራ ነዳጅ) ለማውጣት የሚስማማውን ዘዴ ምረጡ ብሏቸዋል። እኔ በጉልምስናዬ ውጭ አገር በዚሁ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ለአራቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዬ ብጽፍስ? አዲሱ እሱ ነው አይደል?»

አዲስ እንኳ አይደለም፤ ከአባቷ ዕድሜ ይበልጣል። ለአራቱም አንድ መልስ መስጠት ደግሞ ለአራት በሽተኛ አንድ ኪኒን እንደ ማደል ነው። ለእሷ በቃል ያልኳትን ለሌላውም እንዲሆን እዚህ አስፍሬዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የነዳጅ መስክ ሲባል ከመሬት በታች የተኛ ሐይቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ድፍድፉ ያለው ግን አለት ውስጥ ነው፤ በአሸዋ ድንጋይ ወይም በኖራ ድንጋይ መካከል ባሉ፣ ብዙዎቹ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ውስጥ።

ጉድጓዱ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚወጣው በራሱ ግፊት ተገፍቶ የሚመጣው ነው። ይህ አቦሉ ነው። ደማቅ ነው፣ ግን ከጠቅላላው ክምችት 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ግፊቱ ሲደክም በሌላ ጉድጓድ ውሃ ይለቀቅና ድፍድፉን ከኋላው ይገፋዋል። ቶናው ማለት ነው፤ ከአቦሉ ጋር ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ውሃው መንገዱን ይለምዳል። ከሚወጣው ፈሳሽ 90 በመቶውና ከዚያም በላይ ውሃ እየሆነ ይመጣል። መስኩ አረጀ የሚባለው ይሄኔ ነው፤ ባለሀብቱም ስለ መዝጋት ማሰብ ይጀምራል።

የሚያስቆጨው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድፍድፍ አሁንም እዚያው መሆኑ ነው። ውሃው ሰፊ ሰፊውን መንገድ ይዞ አልፎታል። በጠባቡ ቀዳዳ ያለው ጠብታ ሆኖ ተይዟል፤ ምንም ያህል ውሃ ቢጨመር ንቅንቅ አይልም። የጋራዡ ልጅ ያለው ነው፦ ውሃ ግራሶ ውስጥ አይገባም። በረካውን ለመጠጣት ከፈለጉ ውሃ መጨመሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚገባውን ነገር መለወጥ ያስፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚስማማው መስክ ላይ ሲገባ በተለምዶ ከክምችቱ ተጨማሪ ከ5 እስከ 15 በመቶ ያስገኛል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ቢሊዮን በርሜል በነበረበት መስክ ግን 10 በመቶ ማለት 100 ሚሊዮን በርሜል ነው፤ ያውም አዲስ መስክ ሳይፈለግ፣ መንገድና ቧንቧ ባለበት።

ናፍጣውን የሚተካው ጋዝ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአምቦ ውሃ ሲከፈት ሽው ብሎ የሚወጣው ጋዝ ነው። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ ደግሞ ከአየር ግፊት 73 እጥፍ ሲያልፍ ጠባዩ ይለወጣል። እንደ ፈሳሽ ይከብዳል፣ እንደ ጋዝ ግን በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። ባለሙያዎች ሱፐርክሪቲካል ይሉታል። ከ800 ሜትር ገደማ በታች ይህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮ ይገኛል።

እዚያ ጥልቀት ላይ ድፍድፉን ሲያገኘው ውሃ የማያደርገውን ያደርጋል፤ ውስጡ ይገባል። ድፍድፉ ያብጣል፣ ይቀጥናል፣ ከያዘው ቀዳዳ ይላቀቃል። ግፊቱ በቂ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ይዋሃዱና በመካከላቸው የነበረው ድንበር ይጠፋል። ናፍጣው ግራሶውን እንዳሟሟው ማለት ነው። ይህ የሚሆንበት ዝቅተኛ ግፊት ከመስክ መስክ ይለያያል፤ ድፍድፉ ቀላል ሲሆን ይወርዳል፣ አለቱ ሲሞቅ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ጋዝ ከመግዛቱ በፊት የመስኩን ድፍድፍ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ይፈትናል። የመስኩ ግፊት ከወረደ በውሃ መልሶ ማሳደግ ይቻላል። ግፊቱን ማሳደጉ ከላይ ያለውን ክዳን አለት የሚሰነጥቅ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠባዩ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ቀጭን ስለሆነ ይቸኩላል። ከወፍራሙ ድፍድፍ ጋር ተራምዶ በመግፋት ፈንታ፣ ጣት ጣት እያበጀ ጥሶ ያልፍና ቀድሞ ከማውጫው ጉድጓድ ይደርሳል። ቀላል ስለሆነም ወደ ላይኛው የአለት ንብርብር ማዘንበል ይወዳል። ለዚህ የተገኘው መላ ውሃና ጋዝን በፈረቃ ማስገባት ነው። ጋዙ ያሟሟል፣ ውሃው ችኮላውን ያረግብና ድፍድፉን ይገፋል። ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ደግሞ ይበላል። የአምቦ ውሃ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ጋዙ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን ነው። ያው አሲድ ተራ ብረት ቧንቧን ይቦረቡራል። ሽፋን ያለው ወይም ዝገት የሚቋቋም ብረት ያስፈልጋል፤ የድሮዎቹ ጉድጓዶችም አንድ በአንድ ይመረመራሉ። በወረቀት ላይ የማይታየው ወጪ እዚህ ነው የተደበቀው። አርባ ዓመት የኖረ ጉድጓድ ሲሚንቶው እንዴት እንደሆነ የሚታወቀው ሲነካ ነው። አንዳንዱ ድፍድፍ ላይ ደግሞ ጋዙ ሬንጅ መሰል ዝቃጭ እያወረደ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ጋዙ መመለሱ ነው። ከገባው ውስጥ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ከድፍድፉ ጋር አብሮ ይወጣል። ተለይቶ፣ ታምቆ፣ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመረጠ ሰው ጋዝ ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ የመለያና የማመቂያ ፋብሪካም ይገዛል።

ሁለት መስኮች ያስተማሩኝ

ትልቁ የመጀመሪያ ሥራ በምዕራብ ቴክሳስ ስከሪ አውራጃ ሳክሮክ በተባለው መስክ ላይ በጥር 1972 ተጀመረ። መስኩ በ1948 የተገኘ ነው። ያኔ የአየር ንብረት ጉዳይ የማንም ራስ ምታት አልነበረም። ከዚያ በስተደቡብ የነበሩ የተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያዎች ከጋዛቸው የሚለዩትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይለቁት ነበር። የ350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ተዘርግቶ ወደ መስኩ መጣ። ቆሻሻ የነበረው ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ውጤቱ ስላማረ ሌሎች መስኮች ተከተሉ፤ የማጣሪያዎቹ ጋዝ ግን ለሁሉም አይበቃም ነበር። በኮሎራዶ ማክኤልሞ ዶም በሚባል ስፍራ ከመሬት በታች በተፈጥሮ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ከ1984 ጀምሮ በ800 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እሱን ወደ ቴክሳስ ማምጣት ጀመሩ።

ሁለተኛው በካናዳ ሳስካችዋን ያለው ዌይበርን ነው። በ1954 ተገኝቶ፣ በ1960ዎቹ ጣሪያ ነክቶ፣ ከዚያ ሲያሽቆለቁል የኖረ መስክ። ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ቢዩላ ከተማ አጠገብ ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ከ2000 ጀምሮ የፋብሪካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዌይበርን ይገባል። ጋዙ የት እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ለዓመታት በቅርብ ስለተከታተሉት፣ ከዓለም እጅግ በደንብ ከተጠኑት መስኮች አንዱ ሆኗል።

ሁለቱን ያገናኛቸው የድፍድፉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ቧንቧ ሊደርስ በሚችል ርቀት ጋዙን መጣል የሚፈልግ ጎረቤት ነበራቸው። ምርጫውን የሚወስነው በብዛት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመማሪያ መጻሕፍት ግን በመጨረሻው ገጽ ነው የሚያነሱት።

የቀሩት አማራጮች

እንፋሎት። ቅባት የያዘ ድስት በፈላ ውሃ ሲታጠብ እንዴት እንደሚለቅ ማንም ያውቃል። ድፍድፉ እንደ ማር ወፍራም ከሆነ እና ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ከእንፋሎት የሚሻል የለም። በካሊፎርኒያ የከርን ሪቨር መስክ በ1899 ተገኝቶ ሲያዘግም ኖሮ፣ በ1960ዎቹ እንፋሎት ሲገባለት ነው ነፍስ የዘራው። የኢንዶኔዥያው ዱሪም እንዲሁ። ከ1,400 ሜትር ገደማ በታች ሲወረድ ግን እንፋሎቱ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ሙቅ ውሃ ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ነዳጅ ለማውጣት ነዳጅ ማቃጠሉም አለ።

ፖሊመር። ውሃውን ራሱን እንደ አጥሚት ማወፈር ነው። የወፈረ ውሃ ድፍድፉን አልፎት አይሮጥም፤ ከፊቱ አድርጎ ይገፋዋል። ድፍድፉ መካከለኛ ውፍረት ሲኖረው፣ አለቱ ደግሞ ከ90 ዲግሪ በታች ሲሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሙቀት ወይም ጨው የበዛበት ውሃ ፖሊመሩን ይሰባብረዋል። ቻይና በ1959 ባገኘችው ዳቺንግ መስክ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሰፊው ትጠቀምበታለች። ለአጀማመር ቀላሉ እሱ ነው፤ ውሃ እየገባበት ላለ መስክ ማደባለቂያ ቢጨመርለት ብዙውን ነገር ያሟላል።

ሳሙና፣ ማለትም ድፍድፍን ከአለት የሚያላቅቅ ኬሚካል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያዩት ያስደንቃል። መስክ ላይ ግን አለቱ ራሱ ኬሚካሉን ይጠጣዋል፤ ሒሳቡ ያስለቅሳል። አልፈዋለሁ።

ናይትሮጅን ከአየር ስለሚለይ የትም ይገኛል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ከድፍድፍ ጋር ለመዋሃድ ግን በጣም ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በብዛት የሚያገለግለው ግፊት ለመጠበቅ ነው። ሜክሲኮ በ2000 በካንታሬል መስክ በዓለም ትልቁን የናይትሮጅን ፋብሪካ አቁማ አስገባች። ምርቱ በ2004 በቀን ከሁለት ሚሊዮን በርሜል አለፈ፤ ከዚያ በፍጥነት ወደቀ። መስኩ ቶሎ ተጠጣ እንጂ አልተባረከም የሚሉ አሉ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

የተፈጥሮ ጋዝ መልሶ ማስገባት ደግሞ ገበያ የሌለው ጋዝ አብሮ ለሚወጣበት ሰው ነው። ጋዙ ገዢ ካገኘ ማንም መልሶ አይቀብረውም።

በምን ቅደም ተከተል ይጠየቃል?

ለልጅቷ የነገርኳት ይህን ነው። መጀመሪያ የድፍድፉን ክብደት እይ። መለኪያው ኤ.ፒ.አይ. ይባላል፤ ንጹሕ ውሃ 10 ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድፍድፉ ይቀልላል። ከ25 ገደማ በላይ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ ይዋሃደዋል። ከ20 በታች ከሆነ ዓይንሽን ወደ እንፋሎት አዙሪ። በመካከል ያለው ለፖሊመር ይመቻል።

ቀጥሎ ጥልቀቱ። ከ800 ሜትር በላይ፣ ወደ ምድር ገጽ የቀረበ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚፈልገውን ግፊት አያገኝም። በጣም ጥልቅ ከሆነ እንፋሎት ይወድቃል።

ሦስተኛው ጎረቤቱ ነው፤ ጋዙ ከየት ነው የሚመጣው? የጋዝ ምንጭ ሁሉ እኩል አይደለም። ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ ወይም ከኢታኖል ፋብሪካ የሚወጣው ንጹሕ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ማድረቅና ማመቅ ብቻ ነው ሥራው። ከኃይል ማመንጫ ወይም ከሲሚንቶ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ከናይትሮጅን ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። እሱን መለየት ውድ ነው። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ ስሌት ልዩነቱን ያሳያል፦ ንጹሑን ለመያዝ በቶን ከ15 እስከ 25 ዶላር፣ የተበረዘውን ግን ከ40 እስከ 120 ዶላር።

ከዚያ ገበያው። በቴክሳስ ፔትራ ኖቫ የተባለው ፕሮጀክት ከከሰል ማመንጫ ጭስ ጋዝ እየለየ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ መስክ ይልክ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በ2020 የድፍድፍ ዋጋ ሲወድቅ ቆመ፣ የተነሳው በ2023 ነው። መሣሪያው አልነበረም ያቆመው፤ ዋጋው ነው። ፖሊመር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሲከፋ ማደባለቂያውን አጥፍቶ ተራ ውሃ መቀጠል ይቻላል። ፋብሪካ፣ ቧንቧና መስክ በአንድ ገመድ የታሰሩበት ሥራ ግን አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል።

ካርቦኑን ማን ይቆጥራል?

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብላ ጽፋ ነበር። አሰረዝኳት። ይህ ቃል ከሒሳብ በኋላ እንጂ በፊት አይመጣም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ኢነርጂ ኤጀንሲው በ2019 እንዳወጣው፣ በአሜሪካ ለአንድ በርሜል (159 ሊትር) ድፍድፍ ከ300 እስከ 600 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። ያው በርሜል ሲቃጠል 400 ኪሎ ግራም ገደማ፣ እስኪመረትና እስኪጓጓዝ ደግሞ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይለቃል። ስለዚህ 500 ኪሎ ከጭስ ማውጫ ወስዶ ለዘለቄታው የቀበረ ሰው በግምት እኩል ለእኩል ይወጣል። 300 የቀበረ ባለዕዳ ነው። የማክኤልሞን ዓይነት፣ ከመሬት ውስጥ ቆፍሮ አውጥቶ ሌላ ቦታ መሬት የከተተ ደግሞ ምንም አልቀነሰም፤ ቦታ ነው የቀየረው። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ከዋለው ጋዝ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለው መሆኑን ያው ኤጀንሲ ጽፏል።

ዓላማው ካርቦን መቅበር ብቻ ከሆነ ድፍድፉን መሀል ማስገባት ግዴታ አይደለም። ኖርዌይ በ1991 የካርቦን ግብር ጣለች። ከዚያ በስላይፕነር የጋዝ መስክ ላይ ከ1996 ጀምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ከባሕር ወለል በታች ባለ ጨዋማ ውሃ በያዘ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይገባ ጀመር። ከዚያ አንድ በርሜል አይወጣም። ገንዘቡ የመጣው ካልተከፈለው ግብር ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ግብር ባለበት አገር መቅበሩ፣ ግብር በሌለበት ድፍድፉ ያሸንፋል፤ ባለሀብት ጭስ ለመቅበር ብቻ ብሎ ጉድጓድ አይቆፍርም።

በቧንቧው አጠገብ የሚኖሩት

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቧንቧ ቢቀደድም ጋዙ እሳት አይዝም። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ ሲያመልጥ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፣ ኦክስጅኑን ይገፋል። በየካቲት 22 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ሳታርሻ በምትባል መንደር አጠገብ ከባድ ዝናብ ያንሸራተተው መሬት ቧንቧውን ቆረጠው። 200 ሰው ያህል ከቤቱ ወጣ፣ 45 ሰዎች ሕክምና ፈለጉ። ለማምለጥ የሞከሩ ሰዎች መኪናም አየር አጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት በ1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በተፈጥሮ የወጣው ይኸው ጋዝ በአንድ ሌሊት 1,700 ሰው ገደማ ጨርሷል። ንጽጽር ስትሠሩ እንፋሎት ያቃጥላል፣ ፖሊመር ውሃ ያበላሻል ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይህንንም አብራችሁ ጻፉ። ቧንቧው የሚያልፍበት ገደላማ ቦታ ከታች ማን ይኖራል?

አራቱ ጥያቄዎች

የመምህሩ ወረቀት ላይ ያሉት መስኮች ስም የላቸውም፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ናቸው።

ሀ ቀላል ድፍድፍ ነው፣ 36 ኤ.ፒ.አይ.፣ 1,900 ሜትር ጥልቀት፣ ውሃ ሲገባበት የኖረ፣ ጋዙ ከሚገኝበት ማዳበሪያ ፋብሪካ 130 ኪሎ ሜትር። እሷም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለች፣ እኔም። «ውሃና ጋዝ በፈረቃ» የሚለውን ጨምሪበት አልኳት።

ለ ወፍራም፣ 13 ኤ.ፒ.አይ.፣ 350 ሜትር። እንፋሎት። ክርክር የለውም።

ሐ ላይ አመነታች። 22 ኤ.ፒ.አይ.፣ 1,100 ሜትር፣ 60 ዲግሪ ሙቀት፣ በአቅራቢያ ምንም የጋዝ ምንጭ የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቻላል? በግድ ይቻል ይሆናል። ግን ጋዙን ማን ያመጣዋል? ፖሊመር አስጻፍኳት።

መ ላይ ሳቅኩ፤ መምህሩ ወጥመድ አስቀምጧል። ድፍድፉ እንደ ሬንጅ ወፍራም ነው፣ 12 ኤ.ፒ.አይ.፣ አለቱ ስንጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ጥልቀቱ 1,300 ሜትር፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተፈጥሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት አለ። «ከ20 በታች ስለሆነ እንፋሎት» ብላለች፣ ራሴ በሰጠኋት ሕግ። ይህ መስክ ግን የቱርክ ባቲ ራማን ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የደበቀባቸው። በ1961 ተገኘ፤ በራሱ ግፊት ከክምችቱ 2 በመቶ እንኳ አልወጣም። ከ1986 ጀምሮ በአቅራቢያው ካለው ዶዳን ክምችት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባለታል። ጋዙ ከእንዲህ ያለ ድፍድፍ ጋር አይዋሃድም፤ ሆኖም ያሳብጠዋል፣ ያቀጥነዋል፣ ይገፋዋል። ለዓመታት ሲሠራ የኖረው በዚህ ነው። መጽሐፉ አይሆንም ያለውን ጎረቤቱ አስቻለው። «ታዲያ ለምን ከክብደቱ ጀምሪ አሉኝ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ለፈተና ከክብደቱ፣ ለሥራ ከጎረቤቱ ጀምሪ አልኳት።

እኛስ?

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ትርፍ ነጥብ የሚያሰጥ ጥያቄ ነበር፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጮች ዘርዝረሽ ለየትኛው ዘዴ እንደሚውሉ ግለጪ።

ምንጭ አላጣንም። ከከተማው ወጣ ሲባል በሰበታ ቢራ ፋብሪካ አለ፤ ከእርሾ የሚወጣው ጋዝ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ቢራ ጠማቂዎች ሰብስበው መልሰው ቢራውን ያፈሉበታል። በሙገርና በደርባ በኩል የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉ፤ አንድ ቶን ሲሚንቶ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ግማሽ የሚበልጠውም ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው የሚወጣው። የጎደለን ያረጀ መስክ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተገኘ የጋዝ መስክ ነው፤ በሂላላ በሰኔ 2018 ለሙከራ ድፍድፍ ወጥቷል። የድፍድፉ አቦል ገና በወጉ ያልተቀዳበት መስክ ላይ ስለ በረካ ማውራት ትርጉም የለውም። ከሙገር እስከዚያ ድረስ ቧንቧ መዘርጋትም የማይታሰብ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አስጻፍኳት። እኛ የቆምንበት ጥቁር ድንጋይ፣ ለግንብ የምንጠርበው ባዛልት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ራሱን ወደ ድንጋይ የሚቀይር ነው። በአይስላንድ ሄሊሼይዲ በሚባል የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ከ2012 ጀምሮ ጋዙን በውሃ አሟሙተው ባዛልት ውስጥ አስገቡ፤ የሙከራው ውጤት በ2016 ሲታተም ከ95 በመቶ በላይ የሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ድፍድፍ አይወጣበትም፤ የሚያመልጥ ጋዝም አይኖርም።

ልጅቷ ደስ ብሏት ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ «ስንት ውሃ ይፈጃል ጋሼ?» አለች። ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ያህል ውሃ አልኳት። ወደ ጓሮው በርሜል አየች፤ የእኛ ብሎክ የውሃ ተራ ሐሙስ ሌሊት ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ያለችን ያቺ በርሜል ብቻ ነበረች።